በጉድጓዱ አፍ የተሰቀለው ብርጭቆ

ግዊሊም ፕሮበርትን የኩም ሄሊግ ሰው ሁሉ «ግዊሊም ብርጭቆ» ይለው ነበር። በዚያ ሸለቆ ግማሹ መንደር ጆንስ፣ ግማሹ ዴቪስ ስለሆነ ሰው የሚለየው በአባቱ ስም ሳይሆን በሥራው ነው። ወተት የሚያዞረው ጆንስ ወተት ነው። የሬሳ ሳጥን የሚሠራው ጆንስ ደግሞ፣ እሱ በሌለበት፣ ጆንስ መጨረሻ ይባላል። ግዊሊም በከሰል ማውጫው አፍ ላይ የተሰቀለውን ባሮሜትር የሚያነበው እሱ ስለነበረ ብርጭቆ ሆኖ ቀረ።

ባሮሜትሩ ከግዊሊም አባት ዘመን ጀምሮ የቆፋሪዎቹ ፋኖስ ከሚቀመጥበት ከፋኖስ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የመስታወት በር ባለው ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረ ነው። ብር መሳይ ፈሳሽ ብረት፣ ባዜቃ፣ የሞላበት ረጅም ቱቦ ጥቁር ቀይ እንጨት ላይ ተገጥሞ፣ ኢንቹና የኢንቹ አሥረኛ የሆነው ነጥብ በጎኑ በናስ ተቀርጿል። አየሩ ሲከብድ ባዜቃው ይወጣል፤ አየሩ ሲቀል ይወርዳል። ላይ አየሩ ሲቀል ደግሞ ታች፣ ከሰሉ ተነቅሎ ባለቀባቸው ባዶ ዋሻዎች ውስጥ ተኝቶ የከረመው ጋዝ ይነሣና ሰዎቹ ወደሚሠሩበት ይሾልካል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለዚህ ነው ሕጉ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ብርጭቆ እንዲኖረው፣ ሰው ከመውረዱ በፊትም እንዲነበብ የሚያዘው።

ግዊሊም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰል ቆፍሯል። ከእህቱ ከነስታ ባል ከታልየሲን ጋር አንድ የከሰል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ነበር የሚሠሩት። አንድ ቀን ጣራው ወርዶ የግዊሊምን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ፈጨው። ታሊ (ታልየሲን ብሎ የሚጠራው ሰባኪው ብቻ ነበር) ድንጋዩን በእጁ ፈነቀለ፤ አማቹን በጀርባው አዝሎ በዚያ ዝቅተኛ ዋሻ ውስጥ ግማሽ ማይል እንደ ጎበጠ ሄዶ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው የብረት ሳጥን ዘንድ አደረሰው። እግሩ አልተቆረጠም፤ ግን እግር አልሆነም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ፋኖስ ቤት አስገባው። ጠዋት ለእያንዳንዱ ቆፋሪ የተለኮሰና የተቆለፈ ፋኖስ ይሰጣል፣ ማታ ይቀበላል፣ በመሃል ብርጭቆውን ያነባል። ሚስት አላገባም። ከነስታና ከታሊ ቤት በኋለኛው ክፍል ይኖር ነበር። ልጅ ስላልነበራቸው ሦስቱ አንድ ማዕድ ከበው፣ እየተነቋቆሩ፣ በሰላም ይኖሩ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አሮጊቷ ንግሥት በሞቱ በዓመቱ፣ በየካቲት ነው።

በዚያ ወር ብርጭቆው ሦስት ጊዜ ክፉኛ ወረደ። ሦስቱንም ጊዜ ግዊሊም በከዘራው እየተንኳተተ ወደ ማውጫው ኃላፊ ወደ ሚስተር ክራዶክ ሄዶ ተናገረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከሰሉ ባለቀበት በአሮጌው ዋሻ በኩል ያሉት ሰዎች እንዲወጡ ተደረገ። ሦስቱንም ጊዜ ምንም ጋዝ አልተገኘም። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ደመወዝ የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ሰዎቹ አመሰገኑት። በሁለተኛው ዝም አሉ። በሦስተኛው ግን ቀልዱ መጣ። «ግዊሊም፣ ሚስቴ ልብስ አጥባለች፤ ላስጣው ወይስ ላስገባው?» ይለዋል አንዱ። ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ ለብርጭቆው ሰግዶ ያልፋል።

ታሊም አልቀረም። ማታ ምድጃው አጠገብ ጀርባውን እየታጠበ፣ «ነስታ፣ የወንድምሽ ብርጭቆ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፤ በወር ሦስት ጊዜ ያስነጥሰዋል» አለ።

«ዝም በልና ጀርባህን አዙር» አለችው ነስታ፤ ግን ስቃ ነበር።

ግዊሊምም አብሮ ሳቀ። ልቡ ግን አልሳቀም። ክራዶክ በዚያው ቀን ቢሮው ጠርቶት ነበር።

«ፕሮበርት፣ ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው።

«ሰው ከመውረዱ በፊት ይነበብ ይላል፣ ሚስተር ክራዶክ።»

«እንግዲያው ከመውረዱ በፊት አንብብ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍ። ከዚያ በኋላ ፋኖስህን ወልውል። የጉድጓዱ ኃላፊ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

መጋቢት ገባ። አንድ ማክሰኞ ግዊሊም ገና ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ብርጭቆውን አየ። ሃያ ዘጠኝ ኢንች ከአራት። ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያስደነግጥ ግን አይደለም። ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ቁጥራቸው የተቀረጸበትን የናስ ምልክት በመስኮቱ አቀበሉት፤ እሱም ፋኖሳቸውን ሰጣቸው።

ታሊ መጨረሻ ላይ መጣ። ሁልጊዜም መጨረሻ ነው የሚመጣው።

«ዛሬስ እንዴት አደረ ሕመምተኛህ?» አለው ወደ ብርጭቆው በአገጩ እየጠቆመ።

«ትንሽ ከፍቶታል።»

«እንግዲያው ሾርባ ስጠው። ማታ ለመዘምራን ልምምድ እንዳታረፍድ፤ ያላንተ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚይዝ ሰው የለም።»

«አንተ ካላዘገየኸኝ አላረፍድም።»

ታሊ ፋኖሱን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ሳጥኑ ሞልቶ ወረደ፤ ከጉድጓዱ አፍ በላይ የቆመው፣ ሳጥኑን የሚያወርደው መዘውር ጥቂት አጓራና ጸጥ አለ።

ሁለት ሰዓት ላይ ግዊሊም አመድ ሊደፋ ወጣ። ነፋሱ ተለውጧል፤ በዚያ ብርድ አገር ለመጋቢት የማይገባ፣ እርጥብና ሞቃት ሆኗል። ወደ ብርጭቆው ቀና ሲል ዓይኑን ማመን አቃተው። በጣቱ ጥፍር መታ መታ አደረገው። ባዜቃው ጭራሽ ትንሽ ወረደ። ሃያ ዘጠኝ ሊሞላ አንድ ነጥብ ቀርቶታል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አምስት ነጥብ። በዘመኑ እንዲህ ሲሮጥ አይቶት አያውቅም።

ባልዲውን እዚያው አስቀምጦ ከዘራውን አነሣ። ከፋኖስ ቤቱ እስከ ክራዶክ ቢሮ አርባ እርምጃ ያህል ነው። ክራዶክ ከቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ ጉድጓድ ከማይወርዱ ከሦስት የላይ ሠራተኞች ጋር ይነጋገር ነበር። ግዊሊም እመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ከሦስቱ አንዱ አየውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ብርጭቆ መጣ፤ ዣንጥላ ያዙ።»

ሁሉም ሳቁ። ክራዶክም ፈገግ ብሎ፣ «ምንድን ነው ፕሮበርት?» አለ።

ግዊሊም ቆመ። ፊቱ ሲግል ተሰማው። አፉን የከፈተው ሊናገር ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«የፋኖስ ዘይት አልቆብኛል፣ ሚስተር ክራዶክ።»

«ዘይት ከዕቃ ቤት ነው፤ ከእኔ አይደለም» አለ ክራዶክ። እንደገና ሳቁ።

ግዊሊም ተመለሰ። በመንገድ ላይ ለራሱ እንዲህ አለ፦ አራት ሰዓት ድረስ ልጠብቅ። ያኔም ባዜቃው ካልተመለሰ፣ ሳቁም አልሳቁም እነግራቸዋለሁ። ፋኖስ ቤት ገብቶ ንጹሕ የሆነውን ፋኖስ እንደገና መወልወል ጀመረ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምድሩ ከሥሩ ተነሥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም፤ ድምፁ ኋላ ነው የመጣው። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ፋኖሶች በሙሉ አንድ ላይ ተንጫጩ። ግዊሊም ሲወጣ ከጉድጓዱ አፍ ጥቁር አቧራ እስከ መዘውሩ አናት ተተኩሶ እንደ ከባድ ዝናብ መልሶ ሲወርድ አየ። ከዚያ በየመንገዱ የቤት በር መከፈት ጀመረ። ሴቶቹ አልጮኹም። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ ላይ፣ ወደ ጉድጓዱ ብቻ መጡ።

ሃያ ሦስት ሰው ሞተ። ለማዳን የወረዱት ሰዎች አሮጌው ዋሻ ጋ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የተቃጠሉት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹን የገደላቸው ከፍንዳታው በኋላ የተረፈው መርዘኛ አየር ነው። ታሊን ግድግዳ ተደግፎ፣ ኮቱን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ተቀመጠ አገኙት። አናጢ ቤት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ሲያስተኙት ነስታ ገብታ አየችው። ቀና ብላ ለወንድሟ፣ «ኮቱን አጣጥፏል፤ በቤቱ ወንበር ላይ ይወረውረው የለ?» አለችው። 

የሟቾቹን ጉዳይ የሚመረምረው ችሎት በሁለተኛው ሳምንት በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሊሰየም ሆነ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የቆፋሪዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ሞርደካይ ሪስ ወደ ፋኖስ ቤት መጣ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ ከሃያ ሦስቱ አንዱ ነበር። ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ ግን ረግቶ፣ ያገኘውን ነገረው፤ ንጹሕ አየር ወደ ታች የሚስበው ትልቁ ማራገቢያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በግማሽ ጉልበት ይሠራ ነበር። መካኒኩ ለክራዶክ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቷል። ክራዶክ ወሩ እስኪያልቅ ይቆይ ብሎታል።

«ወረቀቶቹ እጄ ላይ ናቸው» አለ ሞርደካይ። «ጋዙ ቢወጣ እንኳ ማራገቢያው ጠርጎ በወሰደው ነበር። አንተን የሚጠይቁህ የጠዋቱን ንባብ ብቻ ነው።»

«ሞርደካይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ነገረው። የሁለት ሰዓቱን ንባብ፣ አርባውን እርምጃ፣ ዣንጥላውን፣ ዘይቱን፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገረው። ሲጨርስ ሞርደካይ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። 

«ለማን ተናግረሃል?» አለ።

«ለማንም።»

«ለነስታስ?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው አትናገር።» ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመለሰ። «ስማኝ። አሁን ጉሮሮህን ብይዝህ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው የምልህ። ግን ነገ ይህን ችሎት ፊት ብታወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? የኩባንያው ጠበቃ ሌላ ቃል አይፈልግም። ‹ብርጭቆ ጠባቂው አይቶ ዝም አለ› ይላል፤ አለቀ። ማራገቢያው ተረሳ። ክራዶክ በሰላም ቤቱ ገባ። ሃያ ሦስት ቤት ያለ ካሣ ይቀራል፤ ከርሞ ደግሞ በዚያው ማራገቢያ ሌሎች ይሞታሉ።»

«ታዲያ እኔስ ምን ላድርገው?»

«አንተማ ሆድህ ይፍጀው» አለ ሞርደካይ። በሩ ላይ ሲደርስ ሳይዞር ጨመረ፤ «ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።»

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጥቁር የለበሱት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ነስታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። የግዊሊም ተራ ደርሶ መሐላ ፈጸመ።

«ሰው ከመውረዱ በፊት ባሮሜትሩን አንብበዋል?» አለ ዳኛው።

«አንብቤአለሁ፣ ጌታዬ።»

«ስንት ነበር?»

«ሃያ ዘጠኝ ከአራት።»

«ሰሌዳው ላይ ጽፈውታል?»

«ጽፌዋለሁ።»

ዳኛው ወረቀት ገለጠ። ግዊሊም የቆመበትን እንጨት በሁለት እጁ ጨብጦ ሌላ ጥያቄ ጠበቀ። ቢጠይቁት እንደሚናገር እርግጠኛ ነበር። የኩባንያውም የማኅበሩም ጠበቆች ግን ጥያቄ የለንም አሉ።

«በየካቲት ወር ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀው እንደነበረም ከመዝገቡ አይቻለሁ» አለ ዳኛው። «ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ሠርተዋል። በዚህ ማውጫ ሥራውን በሚገባ የተወጣ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። መውረድ ይችላሉ።»

ከአዳራሹ መጨረሻ አንድ ሰው «እውነት ነው» አለ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ግዊሊም ሲወርድ ከሞርደካይ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሞርደካይ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው።

ፍርዱ ሞርደካይ እንዳለው ሆነ። ጥፋቱ የማራገቢያው ነው ተባለ፤ ክራዶክ ከሥራው ተነሥቶ ከሸለቆው ወጣ፤ አዲስ ማራገቢያ ተተከለ፤ መበለቶቹ የሚገባቸውን አገኙ። በጉድጓዱ አፍ የሚቀልድ ጠፋ። ሴቶች መንገድ ላይ ግዊሊምን እያስቆሙ እጁን ይጨብጡ ነበር። «አንተን ቢሰሙህ ኖሮ» ይሉታል። እሱ ባርኔጣውን አንሥቶ ያልፋል። ማታ ማታ ምግብ አልወርድ ይለው ጀመር። ነስታ ከሐዘኑ ነው ብላ አሰበች።

በግንቦት አንድ እሑድ፣ ከጸሎት ተመልሰው፣ ነስታ የታሊን የእሑድ ኮት ይዛ መጣች።

«እጅጌውን አሳጥሬዋለሁ» አለችው። «ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው አንተ ልበሰው። ከማንም አንተ ብትለብሰው ደስ ይለዋል።»

ግዊሊም ተነሣ። አንድ እጁን አስገባ። ሁለተኛውን ማስገባት አቃተው፤ ኮቱን አንድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እንደ ቆመ ቀረ።

«ምነው? አመመህ?»

«ነስታ፣ አይቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

ነገራት። ቁጭ ብሎ መናገር አልቻለም፤ እንደ ቆመ ነገራት። ነስታ መርፌዋን ሽርጧ ላይ ሰክታ አዳመጠች። ፊቷ አልተለወጠም።

«ሁለት ሰዓት ላይ?» አለች ሲጨርስ።

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«የፈነዳው ሦስት ተኩል ሊሆን ሲል ነው።»

«አዎ።»

«ሳጥኑ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

 የሁለቱም አባት፣ የእሷም ባል ከዚያ ጉድጓድ ናቸው፤ መልሱን ታውቀዋለች።

«ለምን ተመለስክ?»

«ሳቁብኝ።»

ነስታ ቀስ ብላ ተነሥታ ኮቱን ከትከሻው ላይ ወሰደች። አጣጠፈችው። መልሳ ዘረጋችው። እንደገና አጣጠፈችው።

«እኔም ስቄብህ ነበር» አለች። «ታሊም ስቋል። ያንን አውቃለሁ። ቢሆንም…» ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሞርደካይ ያውቃል?»

«ያውቃል። ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።»

«ታዲያ ምነው እሱን በሰማኸው። ለአንተ ቀለለህ፤ እኔስ ለማን ልንገር?»

ውጣ አላለችውም። ግን ከዚያች እሑድ ጀምሮ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጠችም። ምግቡን በጊዜው፣ ትኩሱን፣ የኋለኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ባለው በርጩማ ላይ ታስቀምጥለታለች። ልብሱን ሰኞ ሰኞ ታጥባለች። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ቤቱ ጉዳይ ትነግረዋለች። ከዚያ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ወደ መዘምራኑም አልተመለሰም። ቢለምኑት ጉሮሮዬ ደክሟል ይላቸዋል።

ብርጭቆውን ግን በየሰዓቱ ያነብ ጀመር። ማንም አላዘዘውም። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ እንደገና ሲወርድ አይቶ ወደ አዲሱ ኃላፊ ሄደ። ኃላፊው ከስብሰባ ላይ ነበር፤ ግዊሊም በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሰዎቹ ወጡ። ተቆጣጣሪው በአሮጌው ዋሻ በኩል ሲያልፍ የፋኖሱ ነበልባል ላይ የጋዝ ምልክት የሆነው ሰማያዊ ቆብ ተቀመጠበት፤ ጋዙ ደርቶ ነበር። ማታ አራት ቆፋሪዎች ከነሚስቶቻቸው ሊያመሰግኑት ቤት ድረስ መጡ። ነስታ በሩን ከፍታ፣ «ኋላ ክፍል ነው ያለው» አለቻቸውና እንግዶቹ እስኪሄዱ ጓሮ ወጥታ ቆመች።

እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ኖሩ። ከዚያ የግዊሊም ደረት እንቢ አለው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቁፋሮ የቀረው አቧራ ነው፤ የዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ የሚሞትበት። ነስታ አልጋውን ከኋለኛው ክፍል አውጥታ ምድጃው አጠገብ አደረገችው። በማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ ሲያስለው ጀርባውን ትደግፋለች፣ ላቡን ትጠርጋለች። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የበግ ሥጋና የባሮ ሽንኩርት ሾርባ ይዛለት ስትቀመጥ እጇን ያዛት።

«ነስታ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

 ሊዋሽ የማይችል ፊት ነበራት።

«አላውቅም» አለችው። «አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ። ሲነጋ ደግሞ የለም። ሾርባህን ጠጣ።»

ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሰባኪው ስለ ቀብሩ ሊያነጋግራት መጣ። ስለ ብርጭቆው ሊሰብክ አስቦ ነበር፤ ሌሊትና ቀን የሸለቆውን ልጆች እንደ ጠበቀ፣ ዳኛ እንኳ እንደ መሰከረለት፣ እንደዚያ ያለ ታማኝ ጉበኛ እንዳልታየ። ወረቀቱን አውጥቶ አነበበላት። ነስታ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«መልካም ንግግር ነው» አለች። «ግን ይህን አይበሉ።»

«ምነው፣ ሚስስ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር እኮ ነው።»

«ደግ ሰው ነበር፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ጥሩ አድርጎ ይዘምር ነበር፣ ወንድሜ ነበር ይበሉ። ይበቃል።»

ሰባኪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።